ቦርድ የሚጠይቀው ወታደር፤ የሠራዊት ሞራልና የአገልግሎት ውሳኔ በምርመራ ክፍል

መግቢያ

በአዘዞ ጦር ሰፈር አካባቢ፣ በጎንደር ከተማ ወይም ከዚያ ወደ ሰሜን በዳባትና በደባርቅ የሚሠራ የጤና ባለሙያ ወታደር፣ የቀድሞ ወታደር ወይም ሚሊሺያ ሳያክም ብዙ ጊዜ አይቆይም። የሚቀርቡለት አቤቱታዎች ከሌላው ሕመምተኛ እምብዛም አይለዩም፤ ራስ ምታት፣ የጨጓራ ማቃጠል፣ የወገብ ሕመም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ በሰውነት ውስጥ የሚመላለስ ሙቀት። ልዩነቱ የሚታየው በምርመራው ማብቂያ ላይ ነው። ወታደሩ የልብሱን ቁልፍ እየቆለፈ ድምፁን ዝቅ ያደርግና «ዶክተር፣ እባክዎ ለቦርድ ይጻፉልኝ» ይላል።

ቦርድ ሲባል ወታደሩ በጤናው ምክንያት ለአገልግሎት ብቁ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው የሐኪሞች ጉባኤ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በቦርድ መሰናበት በሠራዊቱ ውስጥ ከጥፋተኝነት የራቀና በክብር የሚኬድበት መውጫ ነው። የፈረመው የአገልግሎት ዘመን ገና ላላለቀ፣ ነገር ግን መቀጠል ለከበደው ሰው ሌሎቹ በሮች ዝግ ናቸው ወይም ወደ ወኅኒ ያመራሉ። ስለዚህ በመሠረቱ የሥራና የኑሮ ውሳኔ የሆነው ጉዳይ የሕመም ልብስ ለብሶ ወደ እኛ ይመጣል። እኛም በአብዛኛው ከሁለት አንዱን እናደርጋለን፤ ወይ «አስመሳይ ነው» ብለን በፓራሲታሞል እንሸኘዋለን፣ ወይ አዝነን ወረቀቱን እንጽፍለታለን። ሁለቱም ምርመራ አይደሉም። ይህ ጽሑፍ የወታደር ሞራል ምን እንደሆነና ለምን እንደሚወድቅ፣ ጥያቄውም ሲቀርብልን ምን ማድረግ እንደሚገባን ለማስረዳት የቀረበ ነው።

ወኔና ሞራል

በዕለት ንግግራችን ወኔና ሞራል ተቀላቅለው ይነገራሉ። ለሕክምና ሥራ ግን ለይቶ ማየቱ ይጠቅማል። ወኔ የአንድ ሰው፣ የአንድ ሰዓት ነገር ነው፤ ሽለላና ቀረርቶ የሚቀሰቅሱት እርሱን ነው። ሞራል ግን ከወር ወር የሚዘልቅ የብዙ ሰዎች ስሜት ሲሆን፣ የሚመነጨውም ከውኃው፣ ከቀለቡ፣ ከደመወዙ፣ ከፈቃዱ፣ ከአለቃው ፍትሐዊነትና ከቤት ከሚመጣው ወሬ ነው። እጅግ ደፋር የሆነ ሰው ሞራሉ ሊወድቅ ይችላል። በደጋው ባህላችን ደግሞ «ፈራሁ» ወይም «ሰለቸኝ» ማለት ነውር ስለሆነ፣ የወደቀ ሞራል ቋንቋ አጥቶ በጨጓራና በራስ ምታት በኩል ይናገራል።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሻለቃ ጦር ሐኪም የነበረው፣ ኋላም የዊንስተን ቸርችል የግል ሐኪም የሆነው ሎርድ ሞራን እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው መጽሐፍ ድፍረትን በባንክ ከተቀመጠ ገንዘብ ጋር አመሳስሎታል። እያንዳንዱ ሰው የተወሰነ ተቀማጭ አለው፤ ከፊት መስመር የሚያሳልፈው እያንዳንዱ ቀን ከዚያ ወጪ ይሆናል። ገቢው ዕረፍት ነው። ለእኛ ጠቃሚ የሚሆነው ሐሳቡ ከሥነ ምግባር ወደ ሒሳብ መሸጋገሩ ነው፤ ተቀማጩ ያለቀበትን ሰው መውቀስ ሒሳቡን አይሞላውም።

ሌላው ትምህርት የመጣው ከሳሙኤል ስቶፈርና ከባልደረቦቹ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ወታደሮች ላይ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተሙት ሰፊ ጥናት፣ ማዕረግ ቶሎ ቶሎ በሚሰጥበት አየር ኃይል ውስጥ የነበሩት ወታደሮች ስለ ዕድገት አሠራሩ የሚያሰሙት ቅሬታ፣ ዕድገት እምብዛም ከማይገኝበት ከወታደራዊ ፖሊስ ይልቅ የበዛ ሆኖ ተገኘ። ሰው ራሱን የሚመዝነው ከጎኑ ካለው ጋር ነው። አንድ አሥር አለቃ አብሮት የሠለጠነው ጓደኛው መኮንን ሆኖ ሲያይ የሚሰማውን የደረት መጨናነቅ በኤሲጂ አናገኘውም።

የአገራችን ታሪክ የሚያሳየው

ይህ ሁሉ የውጭ ትምህርት ብቻ እንዳይመስል ወደ ሰሜን ጎንደር ደጋ እንመለስ። ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ስሜን ውስጥ በደረስጌ ማርያም ከነገሡ በኋላ ካሰቧቸው ታላላቅ ነገሮች አንዱ ወታደሩ ገበሬውን እየዘረፈ መኖሩን ትቶ ቋሚ ደመወዝ እንዲያገኝ ማድረግ ነበር። ሐሳቡ ዛሬ ስለ ሞራል ከምናውቀው ጋር የሚስማማ ነው። ነገር ግን ደመወዝ ገቢ ይፈልጋል፤ ለዚህም ከቤተ ክርስቲያን መሬት ለመውሰድ ቢሞክሩ ከካህናቱ ጋር ተጣሉ፤ ዓመፁም እየበዛ ሲሄድ ግብር የሚሰበሰብበት አገር ጠበበ።

ለሐኪም ትኩረት የሚሰጠው ግን በ1858 ዓ.ም. የሆነው ነው። ሠራዊቱ በጣና ዳር በቆራጣ ሰፍሮ ሳለ ኮሌራ ገባበት። በዚያ ጊዜ ከንጉሡ እስረኞች አንዱ የነበረው የእንግሊዝ ጦር ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ወረርሽኙን በዓይኑ አይቶ ጽፏል፤ ሰፈሩም ከሐይቁ ዳር ለቆ ወደ ደጋው ወደ ደብረ ታቦር አቅጣጫ ተነሣ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘርፋ ተቃጠለች። በዚህ ሁሉ መካከል ወታደሩ በሌሊት እየከዳ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። አንድ ጊዜ በብዙ አሥር ሺዎች ይቆጠር የነበረው ሠራዊት በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ጥቂት ሺህ ቀርቶ ነበር። በእኔ አስተያየት እነዚያን ከጂዎች ፈሪዎች ማለት ታሪኩን አለመረዳት ነው። ከእነርሱ ብዙዎቹ ለዓመታት የተዋጉ ናቸው። ደመወዝ ሲቋረጥ፣ በሽታ ሲገባና እንዲያቃጥሉ የታዘዙት የገዛ ወገናቸው አገር ሲሆን መቆየት ትርጉም አጣ።

ከዚህ ይበልጥ ለእኛ ሙያ የቀረበው ምሳሌ የነገሌ ቦረና ነው። በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ የነበሩት ወታደሮች ቀለባቸው ተበላሽቶ፣ የውኃ ፓምፓቸውም ተሰብሮ ሳለ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ተከለከሉ። አዛዦቻቸውን አሠሩ። ነገሩን እንዲያጣሩ ከንጉሠ ነገሥቱ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለንም ይዘው ከዚያው ምግብ አበሏቸው፣ ከዚያው ውኃ አጠጧቸው፤ ጄኔራሉም ታመሙ። የ1966ቱ ዓመፅ ከጀመረባቸው ስፍራዎች አንዱ ይህ ነው። አንድ የሳኒቴሽን ባለሙያ በጊዜ ደርሶ ፓምፑን ቢያስጠግን ኖሮ አብዮት አይመጣም ነበር ለማለት አይደለም። ይሁን እንጂ ወታደሮቹን ያስቆጣው ጥሙ ብቻ ሳይሆን ውኃው በጎናቸው እያለ መከልከላቸው እንደሆነ ልብ ይሏል። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆናተን ሼይ የቬትናም ዘማቾችን ሲያክም ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1994 በጻፈው መጽሐፍ የሕሊና ቁስል ያለው ይህንኑ የመሰለውን ነው፤ ሥልጣን የያዘ ሰው ትክክል የሆነውን ነገር ሲክድ በበታቹ ላይ የሚደርሰው ጉዳት።

ናፍቆት በሽታ ነበር

እ.ኤ.አ. በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የሕክምና ተማሪ በባዝል ከተማ ባቀረበው ጽሑፍ ከአገራቸው የራቁ የስዊዝ ሰዎችን የሚያከሳና የሚያስተኛ ሕመም ገለጸ፤ ስሙንም ናፍቆት አለው። ይኸው ስም በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በሺህ ለሚቆጠሩ ወታደሮች በምርመራ ውጤትነት ተመዝግቧል። ከዚያ ጦርነት በኋላ ዳ ኮስታ የወታደሩን የልብ ምት መፍጠን ጻፈ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የመድፍ ድንጋጤ ተባለ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ከአደጋ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመደቢያ ውስጥ ገባ። ስሞቹ በየዘመኑ ይለወጣሉ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የታየው አንድ ነገር ግን እስካሁን ይጠቅመናል። በድንጋጤ የተያዘው ወታደር ሩቅ ወደ ሆነ ሆስፒታል ሲላክ «በእርግጥ ታምሜአለሁ» ብሎ ያምንና ሕመሙ ይጸናበት ነበር። በክፍሉ አቅራቢያ፣ ሳይዘገይ፣ እንደሚድን እየተነገረው፣ በእንቅልፍና በትኩስ ምግብ የታከመው ግን ብዙ ጊዜ ይመለስ ነበር። የዚህ አሠራር የረጅም ጊዜ ጥቅም ያከራክራል፤ የታካሚውን ጥቅም ከሠራዊቱ ፍላጎት በታች የሚያደርግበትም ጊዜ አለ። ለእኛ ግን ቢያንስ አንድ ጥንቃቄ ይሰጠናል፤ በቂ ምክንያት ሳይኖር «ልብህ ደክሟል»፣ «ነርቭህ ተጎድቷል» የሚል ቃል ከአፋችን ሲወጣ እኛው በሽታ መፍጠራችን ነው።

አስቀድሞ በሽታውን መፈለግ

ከላይ የተባለው ሁሉ ሰበብ ሆኖ እውነተኛውን በሽታ እንዳያሳልፈን ያሰጋል። የደጋ ልጅ የሆነ ወታደር ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ሲወርድ ለወባም ለካላዛርም የተጋለጠ ነው። ካላዛር ከንክሻው በኋላ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ቆይቶ ስለሚገለጽ፣ ወታደሩ ደጋ ከተመለሰ በኋላ «ደከመኝ፣ ምግብ አስጠላኝ፣ ምንም ደስ አይለኝም» እያለ ይመጣል። በመጣበት ሰፈር ቅማል ካለ ግርሻ ትኩሳት፣ መኝታው የተጨናነቀ ከሆነ የሳንባ ነቀርሳ ይታሰብ። የኤች አይ ቪ ምርመራም አይዘለል፤ በዚያ ቆላ ካላዛርና ኤች አይ ቪ አብረው የሚገኙበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በዚህ ረገድ የራሱ ስሕተት አለበት። ከቆላ የተመለሰ አንድ ወጣት ወታደር በሦስት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ መጣ። ዝምተኛ ነበር፤ ስለ እናቱ ሲነሣ ዓይኑ እንባ ይሞላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ወንበር ላይ እንደተቀመጠ አነጋግሬው «ናፍቆትና ድብርት» ብዬ ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን አልጋ ላይ አስተኝቼ ሆዱን ብዳስስ ጣፊያው እስከ እምብርቱ ደርሷል። የካላዛር ምርመራው ውጤት አሳየ፤ ታክሞም ዳነ። ናፍቆቱም ሐሰት አልነበረም። አልጋው ግን ከወንበሩ ሁለት እርምጃ ብቻ ይርቅ ነበር።

ውሳኔውን ማዳመጥ

የአካል በሽታ አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ የሚጠየቀው ጥያቄ ቀላል ነው፤ «ዛሬ ቢሰናበቱ ነገ የት ይሄዳሉ?» መልሱ ብዙ ይናገራል። የሚሄድበትን፣ የሚሠራውን፣ የሚያገባትን ሳይቀር በዝርዝር የሚናገር ሰው ውሳኔውን ጨርሷል፤ እርሱን በመድኃኒት ማቆየት አይቻልም፣ የእኛም ሥራ አይደለም። «እንጃ፣ ብቻ ከዚህ ልውጣ» የሚለው ግን ከአንድ ነገር እየሸሸ ነውና ያ ነገር ምን እንደሆነ ይጠየቅ።

አንድ ሃምሳ አለቃ ለወራት በጨጓራ ሲመላለስ ቆየ። ሲጠየቅ አባቱ እንደሞተ፣ ዘመድ የአባቱን ማሳ እንደያዘ፣ እናቱ ብቻዋን ገብሱን መሰብሰብ እንዳቃታት ተናገረ። ፈቃድ ሁለት ጊዜ ጠይቆ አልተሳካለትም። የተጻፈለት ለቦርድ ሳይሆን ለክፍሉ ሐኪም ነበር፤ ሕመሙ ከቤተሰብ ጭንቀት ጋር የተያያዘ መሆኑንና አጭር ፈቃድ ከመድኃኒት እንደሚሻል የሚገልጽ፣ እርሱ አንብቦ የፈቀደው ደብዳቤ። ፈቃዱን አገኘ። ከዚያ ወዲህ አልመጣም፤ መዳኑን ወይም መክዳቱን አላውቅም።

አንብቦ የፈቀደው ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የወታደር ሐኪም ሁለት ጌታ አለው፤ ታካሚውና ሠራዊቱ። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በጦርነት ጊዜ የሚሠራው የሕክምና ሥነ ምግባር ከሰላሙ ጊዜ እንደማይለይ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደንግጓል። በተግባር ሲታይ ይህ ማለት ወታደሩ መናገር ከመጀመሩ በፊት የሚናገረው ለማን እንደሚደርስ፣ የትኛውስ በምስጢር እንደሚጠበቅ መንገር ነው። ለቦርድ የሚጻፍ ወረቀትም የተገኘውን ግኝት ብቻ ይያዝ፤ «ይሰናበት» ማለት የቦርዱ ሥልጣን ነው። የሌለ በሽታ መጻፍ ለአንዱ ደግ መስሎ ቢታይም በእውነት የታመመው ተረኛ ቦርድ ፊት ሲቀርብ እንዳይታመን ያደርገዋል።

አንድ ጥያቄ ግን በማናቸውም ሁኔታ አይታለፍ፤ ራስን ስለ ማጥፋት። በአገራችን ጥቅም ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት 20 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ይህን ጥያቄ ይዟል፤ በጤና ጣቢያም ለመጠቀም ቀላል ነው። መሣሪያ በትከሻው ለሚያድር ሰው በሐሳብና በድርጊት መካከል ያለው ጊዜ አጭር ነው። በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። አዎን ካለ ብቻውን አይለቀቅ፤ መሣሪያው ከእጁ እንዲርቅ ይደረግ፤ በዚያው ቀን ወደ አእምሮ ሕክምና ይላክ። አረቄ መጠጣቱም አብሮ ይጠየቅ።

ከወጡ በኋላ

በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲፈርስ ከ450,000 በላይ ወታደሮች በመንግሥት ኮሚሽን አማካይነት ተሰናብተው ወደ ኅብረተሰቡ ተመልሰዋል። ብዙዎቹ በ1975 ዓ.ም. በወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ፣ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 ሳለ የገቡ ናቸው። አገባባቸውን አልመረጡም፤ አወጣጣቸውንም አልመረጡም። እነዚያ ሰዎች ዛሬ አብዛኞቹ ከ50 እስከ 70 ዓመት ባለው ዕድሜ ሆነው በደም ግፊትና በስኳር ክትትል ክፍሎቻችን ተሰልፈዋል፤ ስለ ወታደርነታቸው ግን የሚጠይቃቸው የለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ከተካሄደው ጦርነት በኋላ የተቋቋመው ብሔራዊ የተሐድሶ ኮሚሽንም ከ370,000 በላይ ተዋጊዎችን ለመመለስ ዕቅድ አውጥቷል። ጦርነቱ እስከ ዳባት ድረስ ስለዘለቀ በዚህ አካባቢ ታካሚው ብቻ ሳይሆን አካሚውም በዚያ ያለፈ ነው።

በቦርድም ሆነ በሌላ መንገድ የተሰናበተ ወታደር ከሆስፒታል ሲወጣ የሕክምና ማስረጃው ቅጂ በእጁ ይሰጠው። በሰውነቱ የቀረ ፍንጣሪ ካለ የት እንዳለ፣ የጀመረው መድኃኒት ስሙና መጠኑ፣ ካላዛር ታክሞ ከሆነ በምን መድኃኒትና መቼ እንደታከመ ይጻፍበት። ካላዛር ሊያገረሽ ይችላል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ከደባርቅ ወዲያ ባለ ጤና ጣቢያ ጣፊያው አብጦ ሲገኝ፣ የሚያክመው ነርስ ሌላ የሚያነበው ነገር አይኖረውም።