ሌላዋ አይዳ

አባቴ ስሜን ከየት እንዳመጣው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ጠይቄው አላውቅም ነበር። ካዛንችስ ሰፈራችን ውስጥ ሁለት አይዳዎች ነበርን፤ እሷ ትልቋ አይዳ፣ እኔ ትንሿ አይዳ። ትምህርት ቤት ስገባ ደግሞ በክፍላችን ሦስት ሆንን። ስለዚህ ስሙን እንደ አልማዝና እንደ ሂሩት የራሳችን አድርጌ ነበር የማየው።

ዋሽንግተን መጥቼ አንድ ቲያትር ቤት አጠገብ ያለ ፓርኪንግ ውስጥ የማታ ካሸር ሆንኩ። አንድ ቅዳሜ ትርኢቱ አልቆ መኪናው ሁሉ በአንዴ ሲግተለተል፣ ጺማቸው የነጣ ሽማግሌ ቲኬታቸውን እየሰጡኝ ደረቴ ላይ ያለውን ባጅ አነበቡ። “አይዳ? ከየት ነሽ?” አሉኝ። “ከኢትዮጵያ” ስላቸው መሪውን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ሳቁ። “እንግዲያው እውነተኛዋ አንቺ ነሽ!” ሌላ ነገር ሊጨምሩ ሲሉ ከኋላ ያለው ሰውዬ ክላክሱን ለቀቀባቸውና ሄዱ።

በሌላ ጊዜ ሲመጡ “አይዳ” የሚባል የኦፔራ ሲዲ ይዘውልኝ መጡ። ሽፋኑ ላይ አንዲት ጥቁር ዘፋኝ አለች፤ ሊዮንቲን ፕራይስ ትባላለች። ከዚያ ወዲህ ሂሳብ በከፈሉ ቁጥር ሠላሳ ሠላሳ ሰከንድ አስተማሩኝ ማለት ይቻላል። የቀረውን ራሴ እየፈለግሁ አነበብኩ።

መጀመሪያ ያነበብኩት የአይዳን ታሪክ ነው፤ እውነቱን ለመናገር አናዶኛል። አይዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። በጦርነት ተማርካ በፈርዖን ቤተ መንግሥት ባሪያ ሆናለች። ማንነቷን ደብቃ፣ አባቷን ሊወጋ የሚዘምተውን የግብፅ ጦር አዛዥ ራዳሜስን ትወዳለች። የአባትየው ስም አሞናስሮ ነው፤ በየትኛው ዜና መዋዕላችን ላይ እንደሚገኝ እንጃ! ታሪኩን የወጠነው ኦጉስት ማሪየት የሚባል ፈረንሳዊ የጥንታዊ ግብፅ ተመራማሪ ነው፤ ዜማውን የደረሰው ጣሊያናዊው ጁሴፔ ቬርዲ፣ ገንዘቡን ያወጣው ደግሞ የግብፁ ገዥ ከዲቭ እስማኤል። ልብሱና የመድረኩ ዕቃ ፓሪስ ውስጥ ተሠርቶ ሳለ ፕሩሲያኖች ከተማዋን ስለከበቧት ሥራው ዘገየ፤ ካይሮ ላይ ለሕዝብ የቀረበው ታኅሣሥ 24 ቀን 1871 ነው (ቀኑንና ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እየጻፍኩ ነው)። በኦፔራው ውስጥ ኢትዮጵያውያን ይሸነፋሉ። ያው እስማኤል ግን ከአራት ዓመት በኋላ የእውነት ጦሩን ወደኛ ላከ። በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ደግሞ ጉራ ላይ የዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ምን እንዳደረገው ለኛ ሰው አልነግርም። ሽማግሌው ይህን ስነግራቸው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። እኔም አንድ ቀን አስተማርኳቸው።

ወደ ሊዮንቲን ልመለስ። የተወለደችው በ1927 ሎረል በምትባል የሚሲሲፒ ከተማ፣ ጥቁርና ነጭ በሕግ ተለያይቶ በሚኖርበት ዘመን ነው። አባቷ የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛ ነበር። እናቷ አዋላጅ ነበረች፤ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥም ትዘምር ነበር። ልጅ ሳለች እናቷ ጃክሰን ወደምትባለው ከተማ ወስዳ ማሪያን አንደርሰንን አሳየቻት። ያቺ ታላቅ ጥቁር ዘፋኝ መድረክ ላይ ቆማ ስትዘፍን ማየቷ የሕይወቷን መንገድ እንደወሰነላት ሊዮንቲን ደጋግማ ተናግራለች። ሆኖም ኦሃዮ ኮሌጅ የገባችው የሙዚቃ አስተማሪ ለመሆን ነበር። ድምጿን የሰሙ ሰዎች ናቸው ኒው ዮርክ ጁሊያርድ እንድትገባ የገፏት፤ ለወጪዋም አክስቷ ትሠራበት የነበረው የሎረል ሀብታም ቤተሰብ ረዳት።

እዚህ ላይ ስለ ሥራው ትንሽ ልበል፤ እኔም ሳልሰማ በፊት ኦፔራ ማለት ጩኸት ይመስለኝ ነበርና። የኦፔራ ዘፋኝ ማይክሮፎን የለውም። ከፊቱ ሰባ ሰማንያ ሙዚቀኛ ይነፋል፣ ይመታል፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ሰው ተቀምጧል። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ አሁን ያለበት አዳራሽ 3,800 ያህል መቀመጫ አለው። አንድ ጉሮሮ ያን ሁሉ የሚያልፈው በጉልበት አይደለም። የሠለጠነ ድምፅ 3,000 ኸርዝ አካባቢ አንዳች ቃጭል የመሰለ ጥራት ያወጣል፤ ኦርኬስትራው ደግሞ እዚያ ላይ ደከም ይላል፤ ድምፁ በዚያች ቀዳዳ ሾልኮ መጨረሻ ወንበር ላይ ያለው ሰው ጆሮ ውስጥ ይገባል። ይህን ለማድረግ ትንፋሹን ከሆድ አካባቢ ቆጥቦ መልቀቅን ዓመታት ይማራል። እንጀራው ያች ጉሮሮ ናት። ጉንፋን ከያዘውና መድረክ ካልወጣ አይከፈለውም። እዚህ ላይ ተግባባን፤ እኔም ሺፍት ካልገባሁ የሚከፍለኝ የለም።

በ1955 ሊዮንቲን በአሜሪካ ቴሌቪዥን “ቶስካ”ን ዘፈነች። በደቡብ ያሉ አንዳንድ ጣቢያዎች ጥቁር ሴት የነጭ ፍቅረኛ ሆና መታየቷን ስላልወደዱ ሳያስተላልፉት ቀሩ። በ1957 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አይዳን እንድትዘፍን የተቀጠረችው ጣሊያናዊት በትርፍ አንጀት ስትያዝ ተጠራችና በዚያው የአይዳ ባለቤት ሆነች። ቪየና ላይ በካራያን መሪነት፣ ለንደን ላይ፣ በ1960 ደግሞ ሚላኖ ስካላ ላይ ዘፈነችው። ቆዳዋ ራሱ የአይዳ ልብስ እንደነበረ ትናገር ነበር፤ ሌሎቹ ፊታቸውን ቀለም እየተቀቡ በሚገቡበት ዘመን እሷ ራሷን ሆና ትገባ ነበር።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን እንቢታዋ ነው። ሜትሮፖሊታን የዓለም ዘፋኝ ሁሉ የሚመኘው ቤት ነው። ለጥቁር ዘፋኝ መድረኩን የከፈተው እንኳ በ1955 ማሪያን አንደርሰን በገባችበት ቀን ነበር። ታዲያ ይህ ቤት ሊዮንቲንን አይዳን እንድትዘፍን ቢጠራት፣ እሷ አልመጣም አለች። ያን ቶስካ ያሠራት የኦርኬስትራ መሪ ፒተር ኸርማን አድለር፣ መጀመሪያ ስትገቢ እንደ እመቤት ግቢ እንጂ እንደ ባሪያ አትግቢ ብሎ መክሯት ነበር። አይዳ ልዕልት ብትሆንም መድረክ ላይ ባሪያ ናት። ጥሪ እንደገና እስኪመጣ ጠበቀች። ሰው ሁሉ በሚሻማበት በር ላይ ቆሞ “ዛሬ አልገባም” ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ያገኘውን ሺፍት ሁሉ “እሺ” የሚል ሰው ያውቀዋል።

ጥር 27 ቀን 1961 ገባች። የዘፈነችው “ኢል ትሮቫቶሬ” ውስጥ ሊዮኖራ የምትባለውን የቤተ መንግሥት ወይዘሮ ሆና ነው። መጋረጃው ሲወርድ ጭብጨባው 42 ደቂቃ ቆየ ይባላል። አርባ ሁለት ደቂቃ! ሽማግሌው ይህን ሲነግሩኝ እኔ ያሰብኩት ፓርኪንጉ ውስጥ ሳይመጡ የቀሩትን ባለመኪናዎች ነው። ከዚያ በኋላ በዚያው ቤት አይዳንም ዘፈነች፤ ማንም ባሪያ ሊላት በማይችልበት ጊዜ።

ሁሉም ግን እንዲህ የሰመረ አልነበረም። በዚያው ዓመት መኸር “ላ ፋንቹላ ዴል ዌስት” በተባለው ኦፔራ ላይ ድምጿ መሀል ላይ ጠፋ፤ የሁለተኛውን ገቢር መጨረሻ እየተናገረች እንጂ እየዘፈነች አልጨረሰችም፣ ሦስተኛውን ሌላ ዘፋኝ ተካችላት። በድካም ነው። ወደ ሮም ሄዳ አረፈች። በ1966 ደግሞ የሜትሮፖሊታንን አዲስ አዳራሽ የምትመርቀው እሷ ሆና ክሊዮፓትራን ልትዘፍን፣ ተሽከርካሪው መድረክ በልምምድ ጊዜ ተሰበረ፤ አንዴም ፒራሚዱ ውስጥ ተቆልፎባት ቀርታለች። ከዚያ ወዲህ የምትቀበለውን ሥራ እየቀነሰች ሄደች። በዚህ ሙያ ዋናውን ሳይነኩ በወለዱ መኖር የሚባል ነገር አለ፤ ድምፅን እንደ ባንክ ገንዘብ ማለት ነው። እሷ ይህን ጠንቅቃ ታውቅ ነበር።

የመጨረሻዋን የኦፔራ ምሽት በቪዲዮ ያየሁት ከሺፍት ገብቼ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ጥር 3 ቀን 1985፤ በኛ ታኅሣሥ 25 ቀን 1977፣ ገና ሊሆን አራት ቀን ሲቀረው። ዕድሜዋ 57 ነው። ድምጿ ሳይደክም ኦፔራ ልታቆም ወስናለች፤ ለስንብት የመረጠችውም አይዳን ነው። በቴሌቪዥን በቀጥታ ይተላለፋል። አባቷን፣ የኢትዮጵያን ንጉሥ፣ የሚጫወተው ሳይመን ኤስቲስ አያቱ ባሪያ የነበሩ ሰው ነው። በሦስተኛው ገቢር አይዳ በሌሊት ዓባይ ዳር ቆማ ሀገሬን ዳግም አላያትም ብላ ታንጎራጉራለች። ዜማው ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣና ከፍተኛው ኖታ ላይ ይደርሳል፤ እዚያ ላይ የሚደነቀው መጮኹ ሳይሆን ሳይሰበር በስሱ መያዙ ነው። ስትጨርስ አዳራሹ ከሦስት ደቂቃ በላይ አጨበጨበ። እጅ ነስታ ማመስገን አትችልም፣ ገና አይዳ ናትና። ፊቷ ላይ ትግሉ ይታያል።

ያን ሰሞን የአሜሪካ ቴሌቪዥን ስለ ኢትዮጵያ የሚያሳየው ሌላ ነገር ነበር፤ የኮረምን መጠለያ፣ የ77ቱን ድርቅ። እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ለድርቁ ከደሞዙ እየተቆረጠበት እናቴ ስታሰላ ትዝ ይለኛል።

በማግስቱ አባቴ ጋ ደወልኩ። ስሜን ከየት እንዳመጣው ጠየቅሁት።

“እኔ ምን አውቃለሁ፤ እናትሽ ናት። ሐኪም ቤት አጠገቧ የተኛችው ሴት ልጇን አይዳ አለቻት፣ እናትሽ ወደደችውና አንቺንም አይዳ አለችሽ።”

ስልኩን ድምፅ ማጉያው አጠገብ አድርጌ ዘፈኑን አሰማሁት። እስኪያልቅ ዝም ብሎ አዳመጠ።

“ምን ሆና ነው እንዲህ የምታለቅሰው?” አለኝ።

“ሀገሯ ናፍቋት ነው፣ አባዬ።”

“የት ነው ሀገሯ?”

“ኢትዮጵያ።”

“እና ትምጣዋ!” አለ።