ካርዱ ከሕመምተኛው ጋር አይሄድም

በትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች ጠዋት ጠዋት ትልቁ ሰልፍ ያለው ሐኪሙ በር ላይ ሳይሆን ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ነው። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ ይጠየቃል፤ አዲስ ከሆኑ የካርድ ቁጥር ይሰጥዎታል። ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ክፍል በፎልደር የተጨናነቀ ነው። ፎልደሮቹ የሚደረደሩት በስም ሳይሆን በቁጥር ስለሆነ፣ ቁጥሩ የተጻፈባት ትንሽ ወረቀት በእጅዎ ካለች ሠራተኛው መደርደሪያው ጋ ሄዶ መዞ ይመጣል።

ወረቀቷን የጣለ ሰው ግን በስም ይፈለጋል፤ ጣጣው የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። እኛ አገር የቤተሰብ መጠሪያ የለንም፤ አልማዝ ከበደ የሚባሉ ሴቶች በአንድ ሆስፒታል ስንት እንደሆኑ መገመት ነው። ኃይሌን አንዱ በ«ኃ»፣ ሌላው በ«ሃ»፣ ሦስተኛው በ«ሀ» ይጽፈዋል። ዕድሜውም ቢሆን አንድ ጊዜ 50፣ ሌላ ጊዜ 55 ተብሎ የተመዘገበ ነው። ሰልፉ ሲረዝም ሁሉም የሚስማማበት መፍትሔ «በቃ አዲስ ካርድ ይውጣ» ይሆናል። ከዚያ በኋላ አንዱ ሰው ሁለት ታሪክ አለው፤ ስኳሩ በአንደኛው ፎልደር፣ የማይስማማው መድኃኒት በሌላኛው ተጽፎ ይቀመጣል። ሐኪሙ የሚያየው ጠረጴዛው ላይ የመጣለትን ብቻ ነው።

«ካርድዎ ጠፍቷል» ሲባልም አብዛኛውን ጊዜ የጠፋ ነገር የለም። ፎልደሩ ተኝተው የሚታከሙበት ክፍል ወይም አንድ ሐኪም ጠረጴዛ ላይ ነው። ደንቡ ፎልደር ከመደርደሪያ ሲወጣ በቦታው የት እንደሄደ የሚናገር ምልክት ካርድ ይተካ ይላል። በተተካበት ሆስፒታል ፍለጋው ቀላል ነው፤ ባልተተካበት ግን ታካሚው ከክፍል ክፍል ይንከራተታል።

ገጠር ጤና ኬላ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መዝገቡን የሚይዘው በግለሰብ ሳይሆን በቤተሰብ ነው። ለእያንዳንዱ አባወራና እማወራ አንድ ፎልደር ይከፈታል። ላዩ ላይ ቤቱ መጸዳጃ ያለው መሆኑ፣ ውሃ ከየት እንደሚቀዳ፣ አጎበር መኖር አለመኖሩ ይሞላል፤ ውስጡ የእናቲቱ፣ የሕፃኑና የሌሎቹ ካርዶች አሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከዚህ ሌላ በየወሩ የተከፋፈለ ሣጥን አላት። የሕፃኑ ቀጣይ ክትባት ጥር ላይ ከሆነ ካርዱን ጥር ክፍል ውስጥ ታስገባዋለች፤ ለቅድመ ወሊድ ክትትል የምትቀርብ እናት ካርድም እንዲሁ። ጥር ሲያልቅ እዚያው የቀረ ካርድ ካለ ባለቤቱ አልመጣም ማለት ነው፤ ቤቱ ድረስ ይኬድለታል። መብራት አይፈልግ፣ ኔትወርክ አይፈልግ! እኔ እስካሁን ካየኋቸው የጤና መረጃ ዘዴዎች ሁሉ ይህችን ሣጥን የሚስተካከል አላገኘሁም። አሁን ሥራው ቀስ በቀስ ወደ ታብሌት እየተዛወረ ነው፤ ታብሌቱም ቢሆን ዋና ተግባሩ ያው የቀረውን ሰው ማስታወስ ነው።

ከካርዱ የሚለቀመው ቁጥር ደግሞ የራሱ መንገድ አለው። የጤና ሪፖርት ወር የሚጀምረው ወር በገባ በ21 ሲሆን የሚዘጋው በቀጣዩ ወር 20 ነው። ስንት እናቶች እንደወለዱ፣ ስንት ሕፃናት እንደተከተቡ፣ ስንት ሰው በወባ እንደታከመ ተደምሮ ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ወረዳ እያለ ጤና ሚኒስቴር ይደርሳል። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ይህን የሚያጓጉዘው ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሶፍትዌር ነው። መነሻው ከአፓርታይድ በኋላ የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ስትሆን የሚያበለጽገው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እኛ ዘንድ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር እንዲሠራ ተደርጓል።

እንግዲህ ቁጥሩ ሽቅብ ሲወጣ ማንም አያግደውም። ታሪኩ ግን ወደ ጎን፣ ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው፣ መሄድ አቅቶታል። ሪፈር የተባለ ሰው የሚይዘው አንድ ወረቀት ነው፤ የቀረውን ኤክስሬይና የላብራቶሪ ውጤት በፌስታል ሸክፎ ይሄዳል። ደም ግፊቱ ስንት ዓመቱ እንደሆነ አስታማሚው በቃሉ ይናገራል። የሪፈር ቅጹ ተቀባዩ ሐኪም ምን እንዳገኘ ጽፎ ለላኪው የሚመልስበት ቦታ አለው፤ ያ ክፍል ተሞልቶ ሲመለስ ማየት ብርቅ ነው። በኮምፒውተር የሚሠሩ ሆስፒታሎች እየበዙ ቢሆንም፣ የአንዱ ኮምፒውተር ከሌላው ጋር እስካልተነጋገረ ድረስ ፌስታሉ ሥራ አይፈታም።

መነጋገር ሲጀምሩ ደግሞ ማን ምን ያያል የሚለው ጥያቄ ይመጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ተርታ መድቦታል። አዋጁ ግን ኮሪደር ላይ የታካሚን ስምና የምርመራ ዓይነት በአንድ ላይ ጮክ ብሎ መጥራትን በራሱ አያስቆምም፤ ይህን ለማስተካከል ኮምፒውተርም በጀትም አያስፈልግም። ኮምፒውተሮቹ እስኪነጋገሩ ድረስ ደግሞ ከሆስፒታል የሚወጣ ሰው ምን እንደተገኘበትና ምን መድኃኒት እንደታዘዘለት የሚገልጽ የጽሑፍ ማጠቃለያ ይጠይቅ፤ ውጤቶቹንም በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይያዝ።