የትንፋሽ ሕመምና የቅርቡ ጤና ጣቢያ

ሰው ያለ ምግብ ብዙ ቀን፣ ያለ ውሃም ጥቂት ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ያለ አየር ግን ከጥቂት ደቂቃ በላይ መቆየት አይቻለውም። እንዲህ ሆኖ ሳለ ትንፋሽ ያለ ዋጋ የተሰጠን ነገር ስለ ሆነ፣ እስኪታወክብን ድረስ መኖሩን ከቶ አናስበውም። እኔም ባለፈው ዓመት እስከ ኅዳር 12 ቀን ሌሊት ድረስ አላስበውም ነበር።

በዚያ ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ተሰብስቦ እንደሚቃጠል ውድ አንባብያን ታውቃላችሁ። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ የፈጀውን የኅዳር በሽታ ለማስታወስ የቀረ እንደ ሆነ አባቶች ይነግሩናል። በሽታን ያባርራል የተባለው ጢስ ግን በእኛ ቤት በሽታን ቀሰቀሰ። የ11 ዓመት እኅቴ ደረቷ እንደ ዋሽንት እያፏጨ፣ በሁለት እጇ የመስኮቱን ደፍ ይዛ፣ አንድ ቃል ተናግራ ሁለተኛውን ለመጨረስ ትንፋሽ አጠራት። አባቴ ተሸክሟት ሮጠ። ሐኪሞቹም ኦክስጅንና በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጥተው ሲነጋ ወደ ቤቷ መለሷት።

ይህ በዚያ ዓመት አራተኛው ነበር። በየጊዜው ወደ ልዩ ልዩ ቦታ ወስደናታል። አንዱ «ብርድ ነው» ብሎ የሳል ሽሮፕ አዘዘ፤ ሌላው ፀረ ተሕዋስያን እንክብል ሰጠ፤ ሦስተኛው ሰማያዊውን ፓፍ ሰጥቶ አሰናበተን። «በዓመት ስንት ጊዜ ታመመች?» ብሎ የጠየቀን ግን አንድም አልነበረም። ከዚህም የተነሣ ነገሩን ለማወቅ መጠየቅና ማንበብ ጀመርሁ፤ ያገኘሁትንም እነሆ ለጓደኞቼና ለወላጆች አቀርባለሁ።

አስቀድሞ የሕመሙን ጠባይ እንመልከት። በሳንባችን ውስጥ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተከፋፈሉ የሚሄዱ የአየር ቧንቧዎች አሉ። በአስም ሕመምተኛ የእነዚህ ቧንቧዎች የውስጥ ግድግዳ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ አክታም ይበዛበታል፤ በዙሪያቸው ያሉት ጡንቻዎችም ይኮማተራሉ። ስለዚህ አየሩ፣ በተለይም ሲወጣ፣ መንገድ ይጠበዋል፤ የምንሰማውም ፉጨት ይኸው ነው። አስም አንድ ጊዜ ይመጣል፣ አንድ ጊዜ ይሄዳል፤ ጢስ፣ አቧራ፣ ጉንፋን፣ ቀዝቃዛ አየርና ሩጫ ይቀሰቅሱታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 262 ሚሊዮን ሰዎች አስም ነበረባቸው፤ 455 ሺህ የሚሆኑትም በዚሁ ሞተዋል።

ሁለተኛው ሕመም ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ መጥበብ ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ ከ40 ዓመት ዕድሜ በኋላ ይታያል፤ ቧንቧዎቹም ጠበው ይቀራሉ እንጂ እንደ አስም ፈጽመው አይከፈቱም። ዋነኛ ምክንያቱ ትምባሆ ነው። ነገር ግን በአገራችን አብዛኛው ቤተሰብ የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ስለ ሆነ፣ ትምባሆ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ፣ ዕድሜአቸውን በምድጃ አጠገብ የፈጁ እናቶችም ይታመሙበታል።

የአስም መድኃኒት ሁለት ዓይነት ነው። ሳልቡታሞል የተባለው የተኮማተረውን ጡንቻ በጥቂት ደቂቃ ያላላል፤ እብጠቱን ግን አይነካውም። ቤክሎሜታዞንና እርሱን የመሳሰሉት ደግሞ ቀስ ብለው እብጠቱን ያበርዳሉ፤ ስለዚህ ሕመምተኛው ደኅና በሆነበት ቀን ጭምር ይወሰዳሉ። ሳልቡታሞልን ብቻ መውሰድ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ሳህን እንደ ማስቀመጥ ነው፤ ሳህኑ ወለሉን ያድናል፣ ጣሪያውን ግን አይጠግንም። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ይስማማል። እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ አዘጋጆችም ለአዋቂዎችና ለጎረምሶች ሳልቡታሞልን ብቻ መስጠት ከእንግዲህ እንደማይመከር አስታወቁ።

እንግዲህ ዕውቀቱ ካለ፣ መድኃኒቱም ከታወቀ፣ እኅቴ ስለ ምን አራት ጊዜ ተመላለሰች? መልሱ ዕውቀቱ የሚገኝበት ስፍራ ሩቅ መሆኑ ነው። በአገራችን የሳንባ ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው፤ ስለዚህ ቍጥራቸው ከሕዝቡ ጋራ ሲመዛዘን እጅግ ጥቂት ነው። በሌላ በኩል አንድ ጤና ጣቢያ በገጠር እስከ 25 ሺህ፣ በከተማም እስከ 40 ሺህ ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው። ትንፋሽ ያጠረው ሰው አስቀድሞ የሚደርሰው ወደዚያ ነው። ሕመምተኛውን ሁሉ ወደ ስፔሻሊስቱ ማጓጓዝ ካልተቻለ፣ የስፔሻሊስቱን ዕውቀት ወደ ሕመምተኛው ማምጣት ይገባል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ ፍሪ ስቴት በተባለው ክፍለ ሀገር በ40 ክሊኒኮች የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። በዚያ አገር በክሊኒክ ሕመምተኛውን የሚያዩት በአብዛኛው ነርሶች ናቸው። በግማሾቹ ክሊኒኮች አሠልጣኞች ነርሶቹ ወዳሉበት እየተመላለሱ፣ ስለ ሳንባ ሕመም በተዘጋጀ አጭር መመሪያ አስተማሯቸው፤ በሌሎቹ ሥራው እንደ ቀድሞው ቀጠለ። በመጨረሻም ከተጎበኙት ክሊኒኮች ከ100 ሕመምተኞች ወደ 14 የሚሆኑት እብጠት አብራጁን መድኃኒት ሲያገኙ፣ ካልተጎበኙት ያገኙት ወደ 8 ብቻ ነበሩ። በተጎበኙት ክሊኒኮች የተገኘው የሳንባ ነቀርሳም በዛ። ከዚህ ሥራ ያደገውን መመሪያ ኢትዮጵያም ለራሷ እንዲስማማ አድርጋ ለጤና ጣቢያ ሠራተኞች አዘጋጅታለች።

በጤና ጣቢያ የሚያስፈልገው መሣሪያም ውድ አይደለም። አንዱ የትንፋሽ ጉልበት መለኪያ ቱቦ ነው። ሕመምተኛው በሙሉ ኃይሉ ሦስት ጊዜ ይነፋበትና ትልቁ ቍጥር ይያዛል፤ ከዚያ ሳልቡታሞል ወስዶ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደ ገና ይነፋል። በአዋቂ ሰው ሁለተኛው ቍጥር ከመጀመሪያው በመቶ 20 ያህል ቢበልጥ የአስም ጠንካራ ምልክት ነው። ሁለተኛው መሣሪያ መድኃኒቱን ወደ ሳንባ የሚያደርስ የፕላስቲክ ማጠራቀሚያ ነው። ፓፉን ወደ አፍ ብቻ ቢረጩት አብዛኛው በጉሮሮ ላይ ይቀራልና። ይህንም የሚገዛ ገንዘብ ለሌለው፣ የግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡን በልኩ በስቶ ፓፉን አጥብቆ ማስገባት ይበቃል፤ በኬፕ ታውን የሕፃናት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት እንዲህ ያለው ጠርሙስ ከተገዛው እንደማያንስ አሳይተዋል።

ስፔሻሊስቱ ግን ፈጽሞ አይቀርም። የሕመሙ ዓይነት ሲያጠራጥር፣ ወይም መድኃኒቱ በትክክል ተወስዶ ሳይሻል ሲቀር፣ የጤና ጣቢያው ሠራተኛ በስልክ ይጠይቀዋል ወይም ሕመምተኛውን ይልክለታል። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈ ደግሞ አስቀድሞ አክታው ለሳንባ ነቀርሳ ይመረመራል።

ወደ እኅቴ ልመለስ። ከኅዳሩ ሌሊት ሁለት ሳምንት በኋላ በሰፈራችን ጤና ጣቢያ አንዲት ጤና መኮንን መመሪያዋን ገልጣ፣ ያ ማንም ያልጠየቀንን ጥያቄ ጠየቀችን። ፓፉን በፊቷ እንድትወስድ አድርጋ ስታይ፣ እኅቴ ስትጫነውና ስትስበው ጊዜው እንደማይገጥም አገኘች። በሆስፒታል ያለውን ሐኪም በስልክ አማክራ ቤክሎሜታዞን አዘዘች፤ ከወሰደችው በኋላም አፏን እንድትጉመጠመጥ ነገረቻት። እናቴ «ፓፍ ከተጀመረ አይለቅም ይባላል» ብላ ፈርታ ነበር። ጤና መኮንኗም «እትዬ፣ የማይለቀው ሕመሙ ነው እንጂ መድኃኒቱ ሱስ አይደለም» ብላ በትዕግሥት አስረዳቻት። መድኃኒቱን ለማግኘት ሦስት መድኃኒት ቤት ዞረናል፤ ይህን መደበቅ አይገባኝም። ዕውቀቱ ወደ ጤና ጣቢያው ቢወርድ መድኃኒቱ አብሮት ካልወረደ ሥራው ግማሽ ይሆናል። እኅቴ ግን ከዚያ ወዲህ ሌሊት ተሸክመናት አልሮጥንም።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ሌሊት የሚያስል፣ ሲሮጥ የሚያፏጭ ከሆነ «ብርድ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ስንት ጊዜ እንደ ታመመ ጽፋችሁ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ተመላለሱ። መናገር ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ግን አንድ ደቂቃ ሳትዘገዩ ውሰዱት። መምህሮቻችንም በክፍል ፓፍ የያዘ ተማሪ ሲያዩ መጫወቻ መስሏቸው እንዳይቀሙት እለምናለሁ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» እንደ ተባለ፣ ትንፋሽ ላጠረው ሰው የቅርብ ጎረቤቱ ጤና ጣቢያው ነው።

እኛም ተማሪዎች በሚመጣው ኅዳር 12 ቆሻሻውን እንጥረግ፣ እንሰብስብም፤ ክብሪቱን ከመጫራችን በፊት ግን በአጥሩ ማዶ መስኮት ይዞ የሚያድር ሰው እንዳለ እናስብ።