የመምህር ንግግርና ጽሑፍ ባለቤቱ ማን ነው?

የዩኒቨርሲቲ መምህር ደመወዝ የሚቀበለው ሊያስተምርና ሊመራመር ነው። ታዲያ የሚያሰማው ትምህርትና የሚጽፈው መጽሐፍ የራሱ ሀብት ነውን፥ ወይስ የአሠሪው ተቋም? ይህ ጥያቄ ለሕግ ሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም። የሕዝብን ልማድ ከአገር አገር እየተዘዋወረ የሚመዘግብ ተመራማሪም የጽሑፉን ባለመብት አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል።

በ1887 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ የጌቶች ምክር ቤት፥ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የሞራል ፍልስፍና መምህር የነበሩት ኤድዋርድ ኬርድ ያስተማሩትን አንድ መጽሐፍ ሻጭ ያለ ፈቃዳቸው ሊያሳትመው እንደማይችል ፈረደ። ለተማሪዎች መናገር ለሕዝብ አሳትሞ እንደ መስጠት አይቆጠርም ማለት ነው። የዩኒቨርሲቲው ድርሻ ግን በዚያ ክርክር አልተነሣም።

ይህ ነጥብ ጎልቶ የታየው በ1969 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ነው። ዊልያምስ የተባሉ መምህር በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አንትሮፖሎጂ ያስተምሩ ነበር። አንድ ነጋዴ ሰው ቀጥሮ ትምህርታቸውን በክፍል ውስጥ እያስጻፈ፥ ስማቸውንም ጨምሮ ይሸጥ ጀመር። በተከሰሰም ጊዜ መብቱ የዩኒቨርሲቲው እንጂ የመምህሩ አይደለም ሲል ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ይህን አልተቀበለም። ንግግሩ የዩኒቨርሲቲው ቢሆን ኖሮ፥ ወደ ሌላ ተቋም የተዛወረ መምህር የገዛ ትምህርቱን ደግሞ ከማስተማር በተከለከለ ነበርና።

ይሁን እንጂ ፍርዱ የተመሠረተው በልማዳዊ ሕግ ላይ ነበር። በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሕግ፥ ተቀጣሪ በሥራው ክልል ያዘጋጀውን ሥራ፥ በጽሑፍ የተፈረመ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ለአሠሪው ሰጠ። ለመምህራንም በግልጽ የተጻፈ ልዩ ደንብ አላኖረም። ስለዚህ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች መጻሕፍትንና የጥናት ጽሑፎችን ለመምህራኑ የሚተው መመሪያ በጽሑፍ አውጥተዋል።

በአገራችንም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ፥ ተቀጣሪ በሥራው ምክንያት ላመነጨው ሥራ የመጀመሪያው ባለመብት አሠሪው ነው። በሥራው አመንጪነት የመታወቅ ሞራላዊ መብት ግን የደራሲው ነው። እንግዲህ መምህሩ ስሙ በመጽሐፉ ላይ እየተነበበ፥ መጽሐፉን ዳግመኛ ለማሳተም ፈቃድ ጠያቂ ሊሆን ይችላል።

ጥናትና ምርምር የመምህሩ መደበኛ ሥራ ስለ ሆነ፥ የሥራው ክልል የት ላይ እንደሚያበቃ መለየት አስቸጋሪ ነው። መፍትሔውም ልማድን ተማምኖ መቀመጥ አይደለም። መምህሩና ተቋሙ የመጽሐፉን፥ የትምህርት ማስታወሻውንና የመስክ መዝገቡን ባለቤትነት ሥራው ሳይጀመር በውል ሊወስኑ ይገባል። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላልና።