ንቅሳትን በሌዘር ማስለቀቅ፦ ታካሚው ምን ሊጠብቅ ይገባዋል?

ንቅሳት ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በተለይ በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል በግንባር ላይ የሚነቀስ መስቀል፣ በአገጭና በአንገት ዙሪያ የሚደረደሩ መስመሮች፣ እንዲሁም የድድ ንቅሳት ለረጅም ዘመን የውበትና የእምነት ምልክት ሆነው ኖረዋል። በባህላዊው ዘዴ ነቃሿ ቆዳውን በመርፌ ወይም በእሾህ እየወጋች ከጥላሸት የተዘጋጀ ቀለም ታስገባለች። ብዙዎች የተነቀሱት ገና በልጅነታቸው በመሆኑ፣ ካደጉ በኋላ ምልክቱን ማስለቀቅ የሚሹ አሉ። በከተማ ደግሞ በኤሌክትሪክ መሣሪያ የሚሠራ ባለብዙ ቀለም ንቅሳትና የቅንድብ ንቅሳት እየተለመደ መጥቷል። ሁለቱም ወገኖች ለቆዳ ሐኪም የሚያቀርቡት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሙሉ በሙሉ ይጠፋል ወይ?»

ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው ሐቀኛ መልስ የሚከተለው ነው። ንቅሳቱ አብዛኛውን ጊዜ በእጅጉ ይደበዝዛል፤ አንዳንድ ጊዜም ለዓይን እስከማይታይ ድረስ ይጠፋል፤ ነገር ግን ቆዳው ፈጽሞ እንዳልተነቀሰ ሆኖ ይመለሳል ብሎ ቃል መግባት አይቻልም። በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ከባዱ ሥራ ቀለሙን ማጥፋቱ ሳይሆን፣ ቆዳውን ሳይጎዱ ማጥፋቱ ነው።

ቀለሙ ሳይለቅ የሚኖረው ለምንድን ነው?

የላይኛው የቆዳ ሽፋን በየጊዜው እየረገፈ ይታደሳል። የንቅሳት ቀለም ግን የሚያርፈው ከዚህ በታች ባለው ደርሚስ በሚባለው ሽፋን ውስጥ ነው። በዚያም ማክሮፌጅ የተባሉ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ቀለሙን ባዕድ ነገር ነው ብለው ይውጡታል፤ ይሁን እንጂ ፈጭተው ሊያስወግዱት አይችሉም። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 በአይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ቀለሙን የያዘው ሕዋስ ሲሞት የለቀቀውን ቀለም አዲስ የመጣው ሕዋስ መልሶ እንደሚውጠው አሳይተዋል። ሕዋሳቱ ቢለዋወጡም ቀለሙ በቦታው የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌዘር ምን ያደርጋል?

ሌዘር ቀለሙን ከቆዳው ውስጥ አይመዝም፤ ይሰባብረዋል እንጂ። ለዚህ ሕክምና መሠረት የሆነውን መርሕ አንደርሰንና ፓሪሽ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1983 አስረድተዋል። ተስማሚ የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን እጅግ ለአጭር ጊዜ ሲለቀቅ፣ በዙሪያው ያለው ሥጋ ሳይቃጠል ብርሃኑን የሚመጠው ነገር ብቻ ሊመታ ይችላል። በሥራ ላይ ያሉት መሣሪያዎች ብርሃኑን የሚለቁት በናኖ ሰከንድ፣ ማለትም በሴኮንድ ቢሊዮንኛ ክፍልፋዮች ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ከዚያ ባጠረ ጊዜ የሚሠሩ የፒኮ ሰከንድ መሣሪያዎች ለሕክምና ቀርበዋል።

የተሰባበረውን ቀለም የሚያስወግደው የታካሚው ሰውነት ራሱ ነው። ከፊሉ በቅርፊት መልክ ይረግፋል፤ ከፊሉ በሊምፍ ቧንቧዎች ይሄዳል፤ በአካባቢው ባሉ የሊምፍ ዕጢዎች ውስጥ የሚቀርም አለ። ይህ ሥራ ሳምንታት ስለሚወስድ በሁለት ሕክምናዎች መካከል ቢያንስ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ በጥቁር ቆዳ ላይ ብዙውን ጊዜ ከዚያም በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል። ቶሎ ቶሎ መመላለስ ቆዳውን ያቆስላል እንጂ ውጤቱን አያፋጥንም።

ስንት ጊዜ መመላለስ ያስፈልጋል?

ጣሊያን ውስጥ በ352 ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ለታካሚዎች ሊነገር የሚገባው ነው። በጥናቱ ንቅሳታቸው በተሳካ ሁኔታ የለቀቀላቸው ከ10 ሕክምና በኋላ 47 በመቶ፣ ከ15 ሕክምና በኋላ ደግሞ 75 በመቶ ያህሉ ነበሩ። ስለዚህ «በሦስት ጊዜ እናጠፋዋለን» የሚል ማስታወቂያ በጥርጣሬ መታየት አለበት።

በዚሁ ጥናት ሲጋራ የሚያጨሱ ሰዎች ውጤት ከማያጨሱት በእጅጉ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ስፋቱ ከ30 ካሬ ሴንቲ ሜትር የበለጠ፣ ቀለሙ የበዛ፣ በእግር ላይ ያለ ወይም ከጥቁርና ከቀይ ሌላ ቀለም ያለው ንቅሳትም ለሕክምና አስቸጋሪ ነበር። ጥቁር ቀለም ሁሉንም ሞገድ ስለሚመጥ ከሁሉ የተሻለ ይለቃል፤ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቢጫ ግን ለየራሳቸው የሚስማማ ሌዘር ይፈልጋሉ። ለቅንድብና ለከንፈር የሚውሉ ነጭ፣ ሮዝና ቡናማ ቀለሞች ብረት ወይም ቲታኒየም ካለባቸው በሌዘር ሲመቱ ወዲያው ሊጠቁሩ ይችላሉ። በመሆኑም እነዚህን በትንሽ ቦታ ላይ ሳይሞክሩ መጀመር አይገባም።

ከዚህ አንጻር ባህላዊው ንቅሳት ዕድለኛ ነው። ቀለሙ ጥላሸት ነው፤ መጠኑም በባለሙያ መሣሪያ ከሚገባው ያነሰ ነው። በእስራኤል የሚሠሩ የቆዳ ሐኪሞች ከኢትዮጵያ ለመጡ አይሁድ ስለ ሰጡት ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጡት ዘገባ፣ እንዲህ ያለው ንቅሳት በጥቁር ቆዳም ላይ በጥንቃቄ ሲታከም መልካም ውጤት ሊገኝ እንደሚችል አመልክቷል።

የጥቁር ቆዳ ልዩ ጥንቃቄ

ለቆዳ መልኩን የሚሰጠው ሜላኒንም እንደ ንቅሳቱ ቀለም የሌዘርን ብርሃን ይመጣል። መሣሪያው ወይም መጠኑ በትክክል ካልተመረጠ ጨረሩ ንቅሳቱ ጋ ሳይደርስ የላይኛውን ሽፋን ያቃጥላል። ውጤቱም ለወራት የሚቆይ ጥቁረት፣ የቆዳ መንጣት ወይም ጠባሳ ሊሆን ይችላል። ጥቁረቱ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ በቀስ ይለቃል፤ የነጣው ቦታ ግን ሳይመለስ ሊቀር ይችላል። በግንባሯ የነበረውን ጥቁር መስቀል አስለቅቃ በምትኩ ነጭ መስቀል ይዛ የምትመለስ ሴት ከሕክምናው አልተጠቀመችም።

ለጥቁር ቆዳና ለጥቁር ቀለም የሚመረጠው 1064 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ኤንዲ ያግ ሌዘር ነው፤ ሜላኒን ይህን ሞገድ ከሌሎቹ ያነሰ ይመጠዋልና። ሕክምናው በዝቅተኛ መጠን ተጀምሮ የቆዳው ምላሽ እየታየ ይጨመራል። አስቀድሞ በትንሽ ቦታ ላይ ተሞክሮ ጥቂት ሳምንታት መጠበቁም ይመከራል። ራሱ ታካሚው ወይም ቤተሰቡ ከቁስል በኋላ ያበጠ ጠባሳ፣ ማለትም ኪሎይድ፣ የሚወጣባቸው ከሆነ ይህን ለሐኪሙ መናገር ግዴታው ነው።

በሕክምናው ዕለትና ከዚያ በኋላ

ሕመሙ የተለጠጠ ላስቲክ ቆዳን ደጋግሞ ሲመታ ከሚሰማው ጋር ይመሳሰላል፤ በማደንዘዣ ቅባት ወይም በመርፌ ሊቀንስ ይችላል። የታካሚውም የሐኪሙም ዓይን ለዚያው ሞገድ በተሠራ መከላከያ መሸፈን አለበት። ቦታው ወዲያው ነጣ ብሎ በደቂቃዎች ውስጥ ይመለሳል፤ ከዚያ መቅላት፣ ማበጥና ውኃ መቋጠር ሊከተል ይችላል። የቋጠረውን ውኃ ማፍረጥና ቅርፊቱን መላጥ ለጠባሳ ይዳርጋል። ቦታውን በንጽሕና መያዝ፣ ቅባት መቀባትና ከፀሐይ መከለል ይገባል። መግል፣ ትኩሳት ወይም እየባሰ የሚሄድ ሕመም ከታየ ወደ ሐኪም መመለስ ያስፈልጋል። ንቅሳቱ ላይ የሚያሳክክ እብጠት ያለበት ሰው ለቀለሙ አለርጂ ሊኖረው ስለሚችል ሌዘር ከመጀመሩ በፊት መመርመር አለበት። ማርያም ስማ ወይም ሌላ ጥቁር ነጥብ በንቅሳቱ ውስጥ ካለም በላዩ ላይ ጨረር መተኮስ አይገባም። አስቸኳይ ስላልሆነም በእርግዝና ጊዜ ሕክምናው ይዘገያል።

ንቅሳትን በአሲድ፣ በጨው ፍተጋ ወይም በጋለ ብረት ለማጥፋት የሚደረግ ሙከራ ቀለሙን የሚያጠፋው ቆዳውን አቃጥሎ ነው። የሚተወው ጠባሳ ደግሞ በሌዘር አይለቅም፤ የተረፈውንም ቀለም ማስለቀቅ ያከብደዋል።

ውሳኔውን የሚያቀናው ከመጀመሪያው ቀን በፊት የሚደረገው ውይይት ነው። ሐኪሙ ስለሚያስፈልገው ጊዜና ወጪ፣ ስለሚቀረው ምልክትና ሊደርስ ስለሚችለው ጉዳት በግልጽ ይናገር፤ በየሕክምናው ፎቶግራፍ ያንሣ፤ ቆዳው የመጉዳት ምልክት ሲያሳይም ያቁም። ታካሚውም ቢሆን የደበዘዘ ንቅሳት በጤናማ ቆዳ ላይ መኖሩ፣ ንቅሳቱ ፈጽሞ ጠፍቶ ጠባሳ ከመቅረቱ እንደሚሻል አስቀድሞ ቢረዳ፣ ሕክምናውን በትዕግሥት ይከታተላል፤ ተገቢ በሆነበትም ጊዜ «ይበቃኛል» ለማለት አይቸገርም።