የነዳጅ ዋጋ፦ ከአበዳሪ ጠረጴዛ እስከ ኦሞራቴ

እንደ ኦሞራቴ ባሉ የጠረፍ ከተሞች ቤንዚን ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በሃይላንድ ጠርሙስ ነው። ሞተረኛው ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንስቶ ቀለሙን ያያል፤ እንዳልተቀላቀለበት ሲያምን ብሩን ይቆጥራል። ዋጋውን ማን ጨመረው ቢባል ጣቱን ወደ ነጋዴው ይቀስራል። ነጋዴው ግን የሰንሰለቱ መጨረሻ ነው።

ኢትዮጵያ ነዳጇን ሙሉ በሙሉ ከውጭ ትገዛለች፤ የሚገባውም በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል ነው። የማደያውን ዋጋ መንግሥት ይተምናል፤ ለየከተማው የማጓጓዣ ወጪ ይታከልበታል። ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ዋጋውም ይጨምራል።

ነዳጅ መንግሥት ሊነካው የሚፈራው ሸቀጥ ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ ዓመት ሳይሞላ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በኋላም ድጎማ የሰላም ዋጋ ሆኖ የታየበት ጊዜ ነበር።

ድጎማውን ማንሳት የተጀመረው ግን ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የ2016ቱ ብድር በፊት ነው። በ2014 ዓ.ም. ክረምት መንግሥት ጠቅላላውን ድጎማ ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ፣ ለተመዘገቡ የሕዝብ ማመላለሻዎች ብቻ እንዲቀር ማድረግ ጀመረ። ድርጅቱ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ሲያጸድቅ ይኸው አካሄድ የስምምነቱ አካል ሆነ። ገንዘቡ የሚለቀቀው በአንድ ጊዜ አይደለም፤ ግምገማ እያለፈ በየዙሩ ነው። አበዳሪው የሊትሩን ዋጋ አይጽፍም፤ ወደ ኋላ መመለስን ግን ውድ ያደርገዋል።

በዚያው ቀን የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የዓለም ዋጋ ባይንቀሳቀስ እንኳ ነዳጁ በብር ተወደደ። በአዲስ አበባ በ2014 ክረምት 47.83 ብር የነበረው የቤንዚን ሊትር በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ 101.47 ብር ገባ።

ድጎማ በድንገት ሲነሣ ምን እንደሚከተል ኢኳዶር አሳይታለች፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ከዚሁ የገንዘብ ድርጅት ጋር በተስማማችበት ዓመት ድጎማውን በአንድ ጊዜ አነሣች፤ ከ11 ቀን ተቃውሞ በኋላ አዋጇን ሻረች። የኢትዮጵያው ቀስ በቀስ መሄድ ከእንዲህ ያለው ድንጋጤ ያድናል።

ሆኖም አንድ ቀዳዳ ነበረው። የቀረው ድጎማ የተመደበው ተመዝግቦ ከማደያ ለሚቀዳ የሕዝብ ማመላለሻ ነበር። በሃይላንድ የሚገዛው ሞተረኛ ከመዝገቡ ውጭ ነበር። ድጎማው ማደያው ላይ ቀረ፤ ጭማሪው ግን ኦሞራቴ ድረስ ደረሰ።