በብርድ አገር የጫጩት ሣጥን ንጣፍና የንግድ ጥቅሙ

የአንድ ቀን ጫጩት ከመፈልፈያ ጣቢያ እየገዙ ለአርባና ለኀምሳ ቀን ያህል አሳድጎ ለገበሬ መሸጥ በአገራችን የታወቀ የንግድ ዘርፍ ከሆነ ሰንብቷል። በዚህ ሥራ ላይ የተሰማሩት ሰዎች ስለ መኖ መወደድና ስለ ክትባት መገኘት አለመገኘት ብዙ ሲናገሩ ይሰማል፤ ጫጩቱ ስለሚቆምበትና ስለሚተኛበት ንጣፍ ግን አፉን የሚከፍት ሰው እምብዛም አይገኝም። ይሁን እንጂ እንደ እንጅባራ ባለ ብርዳም ከተማ በመጀመሪያው ሳምንት ለሚደርሰው ኪሣራ ከመኖ ማነስ ይልቅ ብርድና እርጥበት ተጠያቂዎች መሆናቸውን ሣጥኑን በማለዳ የከፈተ ሁሉ ያውቀዋል። ይህን ኪሣራ ለመቀነስ የሚያስችለው ዕቃ ርካሽ ነው፤ በየሱቁ ግን ተዘጋጅቶ አይሸጥም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ ነጋዴ ቤት የጽሕፈት ሥራ የሚሠራ ሲሆን፣ ጉዳዩን ለክቡራን ነጋዴዎች ለማቅረብ የተነሣሣው የመኖውንና የጆንያውን ሒሳብ በየቀኑ ሲመዘግብ ይህ ዕቃ ከመዝገቡ ላይ መታጣቱን ስለ ተመለከተ ነው።

ነባሩ ሰው ኮሶበር እያለ የሚጠራት እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ዝናቧ የበዛ ከተማ ናት። ዳንግላ ዝቅ ስለሚል ጥቂት ይሞቃል። የአንድ ቀን ጫጩት ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እየተቀነሰለት ላባው ሲሞላ ራሱን ለመቻል ይበቃል። እስከዚያው ድረስ የገዛ ሰውነቱን ሙቀት ጠብቆ ለማቆየት አቅም የለውም። መብራት ባለበት ቤት አምፖል ይንጠለጠላል፤ መብራቱ በሌሊት ሲጠፋ ግን ጫጩቶቹ ሙቀት ፍለጋ በአንድ ጥግ ይደራረቡና ከሥር ያሉት ታፍነው ያድራሉ። አዊ የከሰል አገር ነው፤ በተለይ በፋግታ ለኮማ ገበሬው ዴኩረንስ የተባለውን ግራር እየተከለ ከሰል ማክሰሉን ዋና መተዳደሪያ አድርጎታል። በዚህም ምክንያት በርና መስኮት ዘግቶ የከሰል ማንደጃ ከጫጩቱ አጠገብ የሚያሳድር ሰው አይጠፋም። የከሰል ጢስ አልባ መርዝ ጫጩቱን ብቻ ሳይሆን ባለቤቱንም የሚገድል ስለ ሆነ፣ ከሰል ሻጭ የሆነ ነጋዴ ይህን ለደንበኛው ቢያስታውስ መልካም ያደርጋል።

ለዚህ ችግር በአገራችን የግብርና ትምህርት ቤቶች ሲሞከርና ሲስተማር የቆየ አንድ ቀላል መሣሪያ አለ፤ እርሱም የድርቆሽ ሣጥን የሚባለው ነው። ከእንጨት የተሠራ ሣጥን ሆኖ ዙሪያው ድርቆሽ ይጠቀጠቅበታል፤ ከላይም ድርቆሽ የተሞላ የጆንያ ትራስ ይጋረድበታል። አየር መግቢያ ቀዳዳ ይተውለታል እንጂ መብራትም ከሰልም አይፈልግም። ጫጩቶቹ ቀን ቀን በሽቦ ወደ ታጠረው መሮጫ ወጥተው ይበላሉ፤ ሌሊት በሣጥኑ ውስጥ ተሰብስበው ከገዛ ሰውነታቸው የሚወጣው ሙቀት እንዳያመልጥ ድርቆሹ ይዞላቸው ያድራል። የጅማ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ሰሎሞን ደመቀ ይህ ዘዴ ለገጠር ቤተ ሰብ ተስማሚ መሆን አለመሆኑን የሚመረምር ጽሑፍ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2007 አሳትመዋል። በባንጃና በአካባቢው የቀርከሃ ሥራ የታወቀ ስለ ሆነ፣ በጎዳናው ዳር ወንበርና ቅርጫት የሚሸጡት ባለሞያዎች መሮጫውን ከሽቦ ፈንታ በቀርከሃ ቢሠሩት ዋጋው ይበልጥ ይረክሳል።

ግድግዳውና ጣራው እንዲህ ከተሠራ በኋላ ሣጥኑን የሚያበላሸው ወለሉ ነው። የእኛ ሰው በወለሉ ላይ የሚያነጥፈው ያገኘውን ነው። ጋዜጣ ሲነጠፍ እግር ያንሸራትታል፤ ገና ያልጠነከረ ጫጩት በሚያንሸራትት ነገር ላይ ሲቆም እግሮቹ ወደ ጎንና ወደ ጎን ተከፍተው ሽባ ሆኖ ይቀራል። ማዳበሪያ ውሃውን ከላዩ ያቁረዋል። የደቀቀ ሰጋቱራ ጫጩቱ መኖ መስሎት ይለቅመዋል። የጤፍ ጭድ ለስላሳና ርካሽ ስለ ሆነ ከሁሉም ይሻላል፤ ነገር ግን በጠባብ ሣጥን ውስጥ ከራሰ በኋላ ዓይን የሚያቃጥል የአሞኒያ ሽታ ያወጣል፤ ኮክሲዲዮሲስ የተባለው አንጀት አድሚ በሽታም የሚራባው እንዲህ ባለው እርጥብ ወለል ላይ ነው። በክረምት ደግሞ ደረቅ ጭድ ማግኘት ራሱ ችግር ነው።

በውጭ አገር ጥንቸልና ጊኒ ፒግ የሚባለውን አይጥ መሰል እንስሳ በቤታቸው የሚያሳድጉ ሰዎች ይህንኑ ችግር በፍሊስ ጨርቅ አቃልለውታል። ፍሊስ ማለት ሹራብና ብርድ ልብስ የሚሠራበት፣ በሁለቱም ወገን ለስላሳ ፀጉር ያለው የፖሊስተር ጨርቅ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1979 ማልደን ሚልስ የተባለ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት የነበረ ፋብሪካ የበግ ፀጉርን እንዲተካ ብሎ አወጣው፤ ከ1990ዎቹ ዓመታት ጀምሮም ተጥሎ ከተሰበሰበ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይሠራ ጀመር። ክሩ ራሱ ውሃ ስለማይጠጣ እርጥበቱን በመካከሉ አሳልፎ ከሥሩ ላለው ጨርቅ ያስረክባል፤ ላዩም ደረቅ ሆኖ ይቆያል። ሲቆረጥም ጠርዙ አይተረተርም፤ ስለዚህ የልብስ ሰፊ ዋጋ አያስወጣም፤ በጫጩት እግር ላይ የሚጠመጠም ክርም አይተውም። በውጭ አገር ያሉ የቤት እመቤቶች ይህን በልክ በልኩ እየቆረጡና ከሥሩ ውሃ የሚጠጣ ጨርቅ እያያዙ በመሸጥ ገቢ ያገኙበታል። ለጥንቸል የተበጀው ነገር ለጫጩት የመጀመሪያ ቀናትም የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው፤ አያንሸራትትም፣ ይሞቃል፣ ታጥቦ ይመለሳል።

አንባቢ ምናልባት የበግ አገር ተይዞ የፈረንጅ ጨርቅ ለምን ያስፈልጋል ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የአዊና የጎጃም በግ ዋሸራ ወይም የዳንግላ በግ የሚባለው ሲሆን፣ በሥጋው የተወደደ እንጂ ፀጉሩ አጭር ስለ ሆነ የሚፈተል ነገር አይሰጥም። ፀጉር የሚሸለተው ከመንዝ በግ ነው፤ ባናና ዝተት የሚሠሩትም በዚያ ወገን ናቸው፤ በ1957 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካም የተተከለው በዚያው ብርዳም አገር ነበር። ያረጀ ባና ያለው ሰው ከሣጥኑ በታች ቢያነጥፈው ሙቀት ይሰጠዋል፤ ነገር ግን ባና ታጥቦ ለመድረቅ ቀናት ይወስድበታል። አጎዛ ደግሞ ፈጽሞ ሊታጠብ ስለማይችል ቅማልና ቅንቅን ያሳድራል። ለእንስሳ ጨርቅ ማልበስ ለአዊ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ለፈረስ ግላስ የሚወጣው ገንዘብ ይመሰክራል። ለጫጩት ሲሆን ነው እጅ የሚያጥረው።

አሁን ወደ ዋጋው ነገር እንግባ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የአንድ የአሜሪካ ዶላር ዋጋ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ስለ ሆነ፣ ሙሉ ጥቅል ፍሊስ ከውጭ አስመጥቶ ለጫጩት ማንጠፍ የሚያዋጣ አይመስልም። ልባሽ ጨርቅም ለንግድ ማስገባት የተከለከለ ነው፤ በድብቅ የሚመጣውን መግዛት ዕቃውን በሙሉ ለማስወረስ መዘጋጀት ነው። ሕጋዊውና ርካሹ መንገድ የስፖርት ልብስና ሹራብ ከሚሰፉ ቤቶች ቁርጥራጩን በኪሎ መግዛት ነው። ለነርሱ ጥራጊ ነው፤ ለእኛ ግን ልክ ነው፤ የጫጩት ሣጥን ትልቅ ጨርቅ አይፈልግምና። ሙሉውን ጨርቅ ለሚገዛ ሰው ሒሳቡ እንደሚከተለው ነው። የጨርቁ ወርድ 150 ሳንቲሜትር ቢሆን አንዱ ሜትር 50 በ50 የሆኑ ስድስት ንጣፎች ይወጡታል። ለአንድ ሣጥን ሁለት ያስፈልጋል፤ አንዱ ሲነጠፍ አንዱ ይታጠባል። ስለዚህ አንድ ሜትር ጨርቅ ሦስት ሣጥን ያገለግላል፤ በየሣጥኑ ሃያ ጫጩት ቢያድር ስድሳ ጫጩት መሆኑ ነው። ባለ ሱቁ የአንዱን ሜትር ዋጋ ለስድሳ አካፍሎ፣ የሚደርሰውን ከአንድ የሞተ ጫጩት ዋጋ ጋር ያስተያየው።

በግዢ ጊዜ ሁለት ነገር ይታይ። አንደኛ፣ አዲስ ፍሊስ ከፋብሪካ ሲወጣ የተቀባው ነገር ውሃ እንዳያሳልፍ ያደርገዋል፤ አንድ ማንኪያ ውሃ ሲፈስበት እንደ ጤዛ ተንከባሎ ከላዩ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ጨርቅ በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ ማለስለሻ ሳይጨመርበት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ማጠብ ይገባል፤ ውሃው ሰርጎ ላዩ ለእጅ ደረቅ ሲሆን ለሽያጭ ደረሰ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ቀለሙ ነጣ ያለ ይሁን። ጥቁርና ቡናማ ቀለም እድፍ አያሳይም ተብሎ ይመረጣል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። በኮክሲዲዮሲስ የተያዘ ጫጩት ኩስ ደም ይቀላቅላል፤ አሳዳጊው ይህን ማለዳ በነጭ ጨርቅ ላይ ካየ መድኀኒት ፍለጋ ቶሎ ይሄዳል። ከፍሊሱ ሥር የሚሆነው ውሃ የሚጠጣ ማንኛውም የጥጥ ጨርቅ ወይም የታጠበ የቃጫ ጆንያ ነው፤ ፀረ ተባይ የተያዘበት ጆንያ ግን በምንም ምክንያት አይሁን።

ባለፈው ክረምት አንዲት አሳዳጊ ወደ ሱቃችን መጥተው መኖ በዱቤ ሲጠይቁ የሰማሁት ንግግር ጉዳዩን ይገልጸው ይመስለኛል።

«ጋሼ፣ መኖ አላጓደልሁባቸውም፤ ሌሊት ሌሊት እየተደራረቡ ነው የሚያልቁብኝ» አሉ።

አሠሪዬም «እትዬ፣ ለመሆኑ ከሥራቸው ምን አነጠፉ?» ብለው ጠየቋቸው።

«ማዳበሪያ ነዋ! ሌላ ምን አለ?»

«ማዳበሪያማ ለበርበሬ እንኳ አይሆን፤ ላብ ያስቋጥራል።»

ሴትዮዋ ዱቤውን አገኙ፤ ንጣፍ ግን ሱቁ ስላልነበረው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። መኖውን ሸጠን ትርፍ አግኝተን ይሆናል፤ ነገር ግን ጫጩቱ ያለቀበት ደንበኛ ዱቤውን በምን ይከፍላል? ለኛ ዓይነቱ ነጋዴ የንጣፉ ጉዳይ የሣንቲም ትርፍ ሳይሆን የዱቤ መያዣ ነው ለማለት ይቻላል።

ሻጩ ለገዢው ሊሰውረው የማይገባ ነገርም አለ። ፍሊስ የሚያገለግለው ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት ነው። ከዚያ በኋላ ኩሱ ስለሚበዛ በየቀኑ ቢታጠብም አይበቃውም፤ ጫጩቶቹ ሰፊ ስፍራና ወፍራም የጭድ ወይም የመላጊያ ልጣጭ ንጣፍ ይፈልጋሉ። እስከ ሽያጭ ቀን ድረስ ይበቃል ብሎ የሚሸጥ ሰው አንድ ጊዜ ይሸጣል፤ ሁለተኛ አይሸጥም። በተጨማሪም ያገለገለ ንጣፍ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት አይዛወር። ፈንግል በጨርቅና በጫማ ሳይቀር ይተላለፋል፤ ፈንግል ከገባ ደግሞ የቀበሌው ዶሮ ሁሉ ማለቁ ነው። በአንድ ቤት ውስጥም ቢሆን አንዱ ጫጩት ተሸጦ ሌላው ከመግባቱ አስቀድሞ ጨርቁ ይቀቀል፤ ፀሐይም ይምታው።

ስለ ማጓጓዝ ጥቂት ቃል እንጨምር። ከመፈልፈያው የሚወጣው የጫጩት ካርቶን ብዙውን ጊዜ በአራት ክፍል ተከፍሎ በየክፍሉ ሃያ አምስት፣ በጠቅላላው መቶ ጫጩት ይይዛል። ጫጩት ከእንቁላሉ ይዞት የወጣው አስኳል ለሁለትና ለሦስት ቀን ያህል ሳይበላና ሳይጠጣ ያቆየዋል፤ የጫጩት ንግድ በሩቅ አገር ሊካሄድ የቻለውም በዚህ ነው። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ከተነሣው ግጭት ወዲህ የተዘጋባቸው ቀናት ስለ ነበሩ፣ ያ የሁለትና የሦስት ቀን ዕድል በመንገድ ላይ ሊያልቅ እንደሚችል ታይቷል። ከዚህ የተነሣ አስመጪው ጭነቱን ከመላኩ በፊት ለየክፍሉ አንዳንድ ቁራጭ ፍሊስ ቢያነጥፍ ጫጩቱ በመኪናው መንገጫገጭ እግሩ አይከፈትም፤ ሌሊት ቢያገኘውም ከካርቶኑ እርጥበት ይጠበቃል። የአየር ቀዳዳዎቹን በጨርቁ መድፈን ግን ከብርዱ የባሰ ጉዳት ነው።

ክረምቱ በሰኔ ሲገባ ጭዱ ይርሳል፤ ጨርቅም ቶሎ አይደርቅም። ስለዚህ ለእንጅባራና ለዳንግላ ሱቆች ቁርጥራጩን ገዝቶ፣ አጥቦና በልክ ቆርጦ ለማዘጋጀት የሚመቸው ፀሐይ ያለበት የየካቲትና የመጋቢት ወር ነው። ሁለት ፍሊስ፣ ሁለት የጥጥ ጨርቅና አንድ ባዶ ጆንያ ለትራስ በአንድነት ታስረው ከመኖው ከረጢት አጠገብ ቢቀመጡ፣ መኖ የሚገዛው ሰው ራሱ አይቶ ይጠይቃቸዋል።